እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያዝልኝ

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ያዝልኝ» አለ አዲሱ አሰልጣኝ። «ከአስራ አንድ በኋላ ከፈለገ ጣሪያ ላይ ይውጣ።»

ድምፁ የመጣው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይኛው ጥግ፣ መጽሐፍ ከምታክል የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የአሰልጣኙ ቢሮ አለ። የቡድኑ ትጥቅ ያዥ እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትናንቱን ካልሲ እየገለበጠች ጭቃውን ታራግፍ ነበር። ማሽኑን ገና አላስነሳችውም። አስነስታው ቢሆን ኖሮ እንደ አሮጌ መኪና እያጓራ ሌላ ነገር ስለማያሰማ፣ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ካልሲ በካልሲ ሆኖ ያልፍ ነበር።

«ሰውየው ግን በየቀኑ ይደውልለታል አሉ» አለ ሌላው ድምፅ፤ የቡድን መሪው ነው። «የሲሚንቶ ፋብሪካው አሰልጣኝ።»

«ስለሚደውልማ ነው! ከሦስት ሳምንት በኋላ የምንገጥመው እነሱን ነው። ዛሬ መልቀቂያ ብንሰጠው በዚያ ግንባሩ መጥቶ የሚገጭብን እኛኑ ነው። ዝውውሩ ይዘጋ፤ ከነገ ጀምሮ ከተስፋ ቡድኑ ጋር ይለማመዳል። አለቀ።»

«እስከ መቼ?»

«ውሉ እስኪያልቅ። አዲሱ ልጅ ነገ ይገባል፤ ዘጠኝ ቁጥሩን ለሱ አሳጥብለት።»

ከዚያ የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ከሁለቱ አንደኛው ሻይ ያማስላል፤ ረጋ ብሎ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ ሰው።

እጇ ካልሲ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ስም አልተጠራም፤ መጠራትም አላስፈለገውም። ያንን ግንባር በልጅነቱ ትኩሳት ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ታበርድ የነበረችው እሷ ናት። መዶሻው ይሉታል፤ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ ቡድን ካገባቸው ጎሎች ግማሽ ያህሉ የተገኙት ከዚያ ግንባር ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ የቀድሞው አሰልጣኝ ከሜዳው ዳር «ላኩለት!» ብሎ ይጮኻል፣ ኳሱ ይላካል፣ መዶሻው ይነሳል። ዘንድሮ ግን ተጋጣሚዎች ሁሉ ዘዴውን እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር ሸመደዱት። በዘጠኝ ጨዋታ አራት ጎል ብቻ ተገኘና የቀድሞው አሰልጣኝ ተሰናበተ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ወሰደው። አዲሱ ከመጣ አምስት ሳምንቱ ነው። የማጥቃት መስመሩን ከመሠረቱ አፍርሼ እሠራለሁ ብሎ ነው የገባው። ቤት የሚያፈርስ ሰው ደግሞ ከላይ ይጀምራል።

የወንድሟን ውል ከነማህተሙ ፍራሿ ስር ያስቀመጠችው እሷ ስለሆነች ነገሩ እንዴት እንደሆነ አላጣችውም። ተጫዋቹ ራሱ ዝውውሩ ሳይዘጋ መልቀቂያ ከጠየቀ ክለቡ ሊከለክለው አይችልም። ከተዘጋ በኋላ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ የክለቡ ነው፤ ቢያሰልፉትም ባያሰልፉትም። ዝውውሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። ወንድሟ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ አጥቂ በሚቀጥለው ዓመት የሚደውልለት ሰው አይኖርም። ካልሲውን ውሃ ውስጥ ጣለችና ማሽኑን አስነሳች፤ ሌላ የምትሰማው ነገር እንዳይኖር።

ቤታቸው ከማጠቢያው ክፍል ሃያ እርምጃ አይርቅም። የተመልካች መቀመጫው ስር የተሠራች አንዲት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ የደረጃው ሆድ ስለሆነ ከበሩ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ አልጋዎቹ ሲሄዱ ግን በየደረጃው እየወረደ ይመጣና በመጨረሻ ሰው ጎንበስ ካላለ አያስገባም። ጨዋታ ባለ ቀን የሺህ ሰው እግር ከራሳቸው በላይ ይረግጣል፤ ጎል ሲገባ ከጣሪያው ላይ ሲሚንቶ እንደ ዱቄት ይዘንባል። ዘንድሮ ያ ዱቄት ብርቅ ሆኗል። ክፍሏ የተሰጠቻት ከሥራዋ ጋር ነው፤ ሥራው ካለ ክፍሏ አለች። ውጭ ይህችኑ የምታክል ክፍል ሙሉ ደሞዟን እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ያውም ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣባት። በተቀጠረችበት ቀን የቡድን መሪው የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እዚህ ልብስ እንጂ ወሬ አይታጠብም። የሰማሽው እዚሁ ይቀራል።» አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚሁ ቀርቷል።

ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግቶ ዳቦ በሻይ እየነከረ ነበር። ደብተሩን የሰጠው አዲሱ አሰልጣኝ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከወጣ ወዲህ እርሳስ ይዞ አይታው አታውቅም፤ አሁን ግን ማታ ማታ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀስት ሲስል ያመሻል።

«እታለም፣ ነይማ ይቺን እይልኝ» አላት። እታለም ማለት የጀመረው እሱ ነው፤ አሁን ቡድኑ በሙሉ ከበረኛው እስከ ሐኪሙ እታለም ይላታል። «ድሮ እኔ እዚህ ቆሜ ኳስ እስኪመጣልኝ እጠብቅ ነበር፤ እንደ አውቶቡስ። አሁን ግን የምሄደው እኔ ነኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም፤ ግን ግዴለም። እኔም ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የቀድሞውን አሰልጣኝ ቁጥር አየና ስልኩን በፊቱ ደፋው። «ሽማግሌው ነው። አይሰለቸውም እንዴ ይሄ ሰውዬ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ደጅ እውላለሁ፣ ሐሳብህን ከቀየርክ ና ይለኛል።»

«ለምን አታናግረውም?»

«ምን ልለው? እሱ የሚያውቀው ጭንቅላቴን ብቻ ነው። ይሄኛው ሰውዬ እግርም እንዳለኝ ያየ የመጀመሪያው ሰው ነው።»

አፏን ከፈተች። ከዚያ ሻይህ ቀዘቀዘ አለችው። እሱም ጠጣው። በሁለቱ መካከል ለዓመታት የቆየ ዝምታ አለ፤ ክፉ ዝምታ አይደለም፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ መጋረጃ ከልለው የሚያድሩ ሁለት ሰዎች አንዳቸው የሌላውን እንቅልፍ ላለመረበሽ የለመዱት ነው። ዛሬ ግን ያ ዝምታ እንደ ጠበበ ጫማ ጨመቃት። ደብተሩን አጥፎ፣ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ ወጣ።

በየጠዋቱ አሰልጣኙ በትንሽ ወረቀት ቁጥርና ቀለም ጽፎ ይልክላታል። ቀዩን የልምምድ ሰደርያ የሚለብሱት ቅዳሜ የሚሰለፉት ናቸው፤ ቢጫው ተጋጣሚውን መስለው የሚሮጡት፣ ማለትም ቅዳሜ ወንበር ሲያሞቁ የሚውሉት። እሷ መልበሻ ክፍል ገብታ ሰደርያውን በየቁጥሩ መስቀያ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ተጫዋቾቹም ገብተው የተሰቀለላቸውን ይለብሳሉ። ከመስቀያ ጋር የሚከራከር የለም። እንዲህ በመሆኑ ማን እንደወደቀ ከተጫዋቹ ከራሱ ቀድማ ታውቃለች፤ ስንቱን ጎረምሳ ገና ሳይሰማ በልቧ አጽናንታዋለች። የዛሬው ወረቀት «9፦ ቀይ» ይላል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዘጠኝ ቁጥሩ መስቀያ ላይ ቢጫ ሰቀለች። በአፏ ልትለው ያልቻለችውን ጨርቁ ይንገርልኝ ብላ ነው። ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ ይጠይቃታል፤ ከተጠየቀች ደግሞ ወሬ አወጣች አይባልም፣ መለሰች እንጂ።

በረኛው ቀድሞ ገባ። «እታለም! መነጽር እናዋጣልሽ እንዴ? መዶሻውን ለተጋጣሚ ሸጠሽው የለ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ወንድሟ ቢጫውን አየ፤ አልደነገጠም። «ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ ነው፣ ተዉአት» አለና ግንባሯን ስሞ፣ ቢጫውን ከመስቀያው አውርዶ በእጇ ሰጣትና ከእቅፏ ላይ ራሱ ቀይ ሰደርያ መዞ ለበሰ። ዞር ስትል አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሟል። በእጇ የቀረውን ቢጫ አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ።

«ቀይ ብዬ አልነበር እታለም?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ሰው ይሳሳታል» አለ፣ በደግ ድምፅ።

ልምምዱን የካልሲ ቅርጫቷ ላይ ተቀምጣ አየች። ኳስ አላውቅም ትላለች እንጂ አስራ አንድ ዓመት ከሜዳ ዳር የተቀመጠ ሰው ሳያውቅ አይቀርም። አዲሱ ማጥቃት ያምራል፤ መካድ አይቻልም። ሦስት አጥቂዎች አሉ፣ አንዳቸውም አይቆሙም። ኳሱ ከሣሩ አይነሳም። መሃለኛው ወደ ኋላ ይመጣል፣ ተከላካዩን አስከትሎ ያወጣዋል፣ በዚያ በተለቀቀው ቦታ ሁለቱ የመስመር ልጆች እንደ ጥይት ይገባሉ። ወንድሟ ሁሉንም ያደርጋል፤ ግን በግማሽ እርምጃ ዘግይቶ። ሰውነቱ ኳሱን ከላይ ለመጠበቅ የለመደ ስለሆነ ከመሮጡ በፊት ቀና ይላል፤ ትንሽ ቀና ማለት ናት፣ ግን ያቺ ቀና ማለት ሁሉን ታበላሻለች። ልጆቹ ይጠብቁታል። ልጆቹ በትዕግሥት ሲጠብቁት ማየት ከምንም በላይ ከበዳት። ከዚያ አንዴ፣ ሃያኛው ሙከራ ላይ ይሆናል፣ አልተቃናም። ኳሱን በእግሩ ውጭኛው ጎን ነካ አድርጎ በሁለት ተከላካዮች መሃል አሾለከው፣ የቀኙ ልጅ ደርሶ አገባው። ሜዳው ጮኸ። አሰልጣኙ እጁን ከፍ አድርጎ አጨበጨበ። ወንድሟ ግን ያየው አሰልጣኙን አይደለም፤ እሷን ነው፤ አየሽ እንደማለት። እሷም አጨበጨበች። ምናልባት ጠዋት በደንብ አልሰማሁም ይሆናል አለች፤ ምናልባት ሰውየው አሁን ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ማጨብጨቡን ሳያቆም የእጅ ሰዓቱን አየ።

ምሳ አልበላችም። ከተጫዋቾች መመዝገቢያ ላይ አንድ ገጽ ቀድዳ በራሷ ጽሕፈት ሁለት መስመር ጻፈች፤ መልቀቂያ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ የሚል። ፊርማው ብቻ ነው የጎደለው። ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሟ የልምምድ ልብሱን ይዞ ማጠቢያው ክፍል ሲገባ ማሽኑ እየሠራ ነበር። በሩን ዘጋችው።

«ማሙሽ፣ ቁጭ በል።»

እንደዚያ የምትጠራው ሲያመው ብቻ ነው። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረችው። ጣሪያውን፣ ግንባሩን፣ ተስፋ ቡድኑን፣ የማንኪያዋን ድምፅ እንኳ አልተወችም። እሱ ያደረ ካልሲ አንስቶ እየጠመዘዘ አዳመጣት።

«ማሽኑ እየጮኸ ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናል እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አላስነሳሁትም ነበር።»

«እንግዲያው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።»

«በግንባሩ የሚገጭ ሌላ ማን አለ? በረኛው?»

ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። «ያቺን ኳስ አይተሻል አይደል? ሊጥለው ላሰበው ሰው እንደዚያ የሚያጨበጭብ አለ?»

«አለ። ይኸው ፈርም። ለጸሐፊዋ ስጣት፣ ማህተም ታደርግልሃለች። ከዚያ መታወቂያህን ይዘህ ፌዴሬሽኑ ድረስ በታክሲ ሩብ ሰዓት ነው። ሽማግሌው ደጁ ላይ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበላት፤ አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰላት።

«እጠይቀዋለሁ» አለ።

«ማንን?»

«ራሱን ነዋ። ሰው ፊት ለፊት ከተጠየቀ አይዋሽም።»

ይህን እምነት ከየት እንዳመጣው ታውቃለች፤ ያስተማረችው እሷ ናት። ልጅ ሆኖ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጣልቶ እያለቀሰ በመጣ ቁጥር «ሂድና ራሱን ጠይቀው» ብላ ከበር መልሳ ትሰደው ነበር። እናትም አባትም የሌለበት ቤት ስለነበር ሌላ የምትሰጠው መሣሪያ አልነበራትም።

«ዛሬ ፈርምና ሂድ። ከፈለግህ ነገ ትጠይቀዋለህ።»

«ሌባ መስዬ ልውጣ? አምስት ሳምንት እጄን ይዞ ያስተማረኝን ሰው?»

«እሺ፣ ማን ነገረህ ካለህ ግን...» ማሽኑ መጭመቅ ጀመረና ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እሱ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ካልሲ በማጣመድ አለፈ። ሃምሳ ስምንት ጥንድ አጣምዳ ጨረሰች፣ መልሳ ፈትታ እንደገና አጣመደች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አስር ሆነ። በቀዳዳዋ ሥር ቆማ ብታዳምጥ ትችል ነበር፤ ግን የቡድን መሪው ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቶ በሯን ፊት ለፊት እያየ ጋዜጣ ያነብባል፣ ገጽ ሲገልጥ አላየችውም። አስር ተኩል ላይ ወደ ክፍላቸው ሄደች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነው የሄደው፤ አስራ ሰባት ጊዜ ተደውሏል። አስራ ስምንተኛው እጇ ላይ ጮኸ።

«ልጄ!» አለ ሽማግሌው፤ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «ወረቀቱን ሞልቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዘበኛው እንኳ አዝኖልኝ በርጩማ ሰጠኝ።»

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ እህቱ።»

«እታለም! ፊርማውንና መታወቂያውን ብቻ ይዞ ይምጣ። ቡድኔ ውስጥ ኳስ የሚያሻማ እንጂ የሚገጭ የለኝም። ያሻማሉ፣ ያሻማሉ፣ ኳሱን የሚያገኘው የለም። ንገሪው።»

ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ የቡድን መሪው ከወንበሩ ሳይነሳ እግሩን ዘረጋ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የተዘረጋ እግር ይበቃዋል።

«የት ነው?»

«ወንድሜን ፈልጌ ነው።»

«ወንድምሽ ከአሰልጣኙ ጋር ሻይ እየጠጣ ነው። ምን አስቸኮለሽ?»

ከቢሮው ውስጥ ሳቅ ይሰማል። የወንድሟ ሳቅ ነው፤ ያ ከሆዱ የሚመጣው፣ ልጅ ሳለ ጀምሮ የምታውቀው። እግሩን ተሻግራ መሄድ ትችላለች። በሩን መክፈት ትችላለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊቱ ላይ መናገርም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ግን የማጠቢያውም ክፍል፣ ያቺ ጣሪያዋ እንደ ደረጃ የሚወርድ ክፍልም በዚያው ሰዓት ያበቃሉ። አሰበችው፤ እውነት ለመናገር ብዙም አላሰበችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ቢሮው በር ጮኸች።

«ስልክ ነው! ሽማግሌው ይፈልግሃል፣ አሁኑኑ!»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ የወንድሟ ድምፅ መጣ፣ ደስ ያለው፣ ትንሽም የተሰላቸ፦ «በኋላ እታለም! በኋላ!»

የቡድን መሪው ጋዜጣውን አጠፈና ሰዓቱን አየ። «ሰማሽ አይደል?» አላት። ቃሉ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስልኩ በእጇ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አንስታ «ጋሼ፣ አይመጣም» አለች። ሽማግሌው «ሰላም በይልኝ» ብሎ ዘጋው።

ወንድሟ የመጣው አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ገና ከበሩ ኪሱ ይንሿሿል። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመና አንድ እፍኝ የለስላሳ ቆርኪ ዘረገፈ።

«ተነጋገርን» አለ። «ሁሉንም በቆርኪ አሳየኝ። ማጥቃቱ በሙሉ እኔ ላይ ነው የቆመው አለኝ፤ አንተ ከሌለህ ሁለቱ ልጆች ሕንፃ የሌለው ደረጃ ናቸው አለ። እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ነው እንግዲህ አንቺ የጠረጠርሽው።»

«ወረቀቱስ?»

«የቱ? እ... ያቺማ። ሰጠሁት። ቀደዳት። ተሳሳቅን።» አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ። «ማን ነገረህ አለኝ፤ እህቴ አልኩት። ምን እዋሻለሁ? ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምንም! እንዲያውም አዘነልሽ። እህትህ ደክሟታል አለ፤ ዛሬም ቀለም ሲምታታባት አይቻለሁ፣ ረዘም ያለ እረፍት ያስፈልጋታል፣ ነገ ጠዋት ለቡድን መሪው እነግራለሁ አለ። አየሽልኝ ደግነቱን?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ጋ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ማለት አለባት፤ ጎንበስ አለች። ምን ይባላል? ነገ ጠዋት ቡድን መሪው ይመጣል። ነገ ጠዋት አዲሱም ልጅ ይመጣል። ዛሬ ማታ ብትነግረው አያምናትም፤ ቢያምናትም አሁን ማመኑ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ከመንሳት በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም። ፊቱን አየችው። ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም።

«ነይ፣ ነይ ላሳይሽ» አላት ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ ቆርኪዎቹን እየደረደረ። «አንቺ ተከላካይ ሁኚ።»

«እኔ ኳስ ምን አውቃለሁ?»

«ማወቅ አያስፈልግሽም። ይሄ እኔ ነኝ። እኔ ወደ ኋላ ስመጣ አንቺ ትከተዪኛለሽ። ከኋላሽ ቦታው ይከፈታል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ ጎል!»

ሁለቱን ቆርኪዎች ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አስፈነጠራቸው። የእሱ ቆርኪ መሃል ላይ ብቻዋን ቀረች፤ ከጎሉ ርቃ፣ ከማንም አጠገብ ሳትሆን።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ምን?»

«እነሱ ሲገቡ አንተ የት ነህ?»

ቆርኪዋን አያት። ጣቱን ከላይዋ አነሳ፤ ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ፈገግ አለ። «እኔማ ያኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። በይ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።»

ቆርኪዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። እሷም ወንበሩን ሳበችና ጣቷን በአንደኛው ላይ አደረገች። እሱ ቀስ ብሎ የራሱን ወደ ኋላ መጎተት ጀመረ።

«ተከተዪኝ እንጂ» አላት።

ተከተለችው።